የኤልካና ሜይስ ጉበን

የፕሮፌሰር ኦባዳያ ክሬንሾ የትውልድ ቤት እየተባለ በሚጎበኘው ቤት ውስጥ እኔ ኩፍኝ ወጥቶብኝ ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። አሮጊቷ ተጃጃለች የሚሉኝም አይጠፉም። ይበሉ። አልጋዬ ከምድጃው በስተግራ ነበር። ዛሬ እዚያው ጥግ ላይ ጆንያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀው አንጥፈው፣ «ሕፃኑ ኦባዳያ እዚህ ይተኛ ነበር» የሚል ሰሌዳ አቁመውበታል። ፕሮፌሰሩ በዚያ ቤት አንድ ሌሊት አላደሩም። አንድ ቀንም አልዋሉም።

ቤቱ የአባቴ አክስት የዚፖራ ሜይስ ነው። አሁን ያለበት ቦታ ላይም አልነበረም። ሦስት ማይል ወደ ታች፣ ፒጅን በሚባለው ጅረት ዳር፣ ትምባሆ ከሚዘራበት ማሳ አጠገብ ነበር። አክስት ዚፖራ በዚያ ቤት ተወልደው፣ በዚያው አርጅተው፣ እኔ በደረስኩበት ጊዜ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ረጅም ናቸው። በእርጅና እንኳ ጎንበስ ያላሉ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ቤት ሲገቡ ሁልጊዜ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ከበሩ በላይ ያለውን ጉበን በመዳፋቸው ይነኩ ነበር፤ ሌላው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ባርኔጣውን እንደሚያወልቀው ማለት ነው።

ጉበኑ ላይ ጽሑፍ አለ። «ኤልካና ሜይስ፣ ነጻ ሰው፣ ሠራው። 1871» ይላል። ኤልካና የአክስት ዚፖራ አባት ናቸው። በባርነት ተወልደው፣ በአሜሪካ ነጻነት ከታወጀ በኋላ ስድስት ዓመት ሠርተው መሬት ገዙና ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አቆሙ። ማንበብ አይችሉም ነበር። ቄሱ ፊደሎቹን አሸዋ ላይ ሣሉላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ስዕል እንደሚቀዳ ሰው በመሮ ቀዱት። አክስት ዚፖራ ይህንን ሲያወሩ «አባቴ የጻፉት ይህችን ብቻ ነው፤ ግን አልተሳሳቱም» ይሉ ነበር።

የውስጡ ግድግዳ በጋዜጣ የተለጠፈ ነው። በየፀደዩ ዱቄት በውኃ አፍልተን አዲስ ጋዜጣ በአሮጌው ላይ እንለጥፋለን። ንፋስ ይከላከላል። ከዚያም ሌላ፣ ክፉ መንፈስ ወደ ቤት ቢገባ ያለውን ቃል ሁሉ አንብቦ ሳይጨርስ ሰው መጉዳት አይችልም ይባላል። «ሰይጣን ሰነፍ ተማሪ ነው» ይላሉ አክስት ዚፖራ፣ «ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለ ይነጋበታል።» የጅረቱ ዳር ልጆች በሙሉ ንባብ የተማርነው ከዚያ ግድግዳ ነው። የትምባሆ ቅጠል የሚሰቀልበትን ዘንግ ይዘው እያመለከቱ ያስነብቡናል። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ሳሙና» ነው። ንባብ የቻለ ልጅ ደግሞ ወግ አለው፤ ወደ ውጭ ይወጣና ትልቅ ሰው አንስቶት የጉበኑን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። እኔን ያነሳኝ አባቴ ነው። ኩፍኙ ሲሻለኝ ነበር። ብብቴን ይዞ ሲያነሳኝ እጁ የጥድ ሙጫ ሸተተኝ። «አንብቢ እስቲ» አለኝ። አነበብኩ። አክስት ዚፖራ አጨበጨቡ።

ሚስተር ታልቦት የሚባለው ነጭ ሰው የመጣ ቀን ኪሱ ውስጥ ጠመኔ ነበረው። እኔ ጠመኔ የሚይዝ አስተማሪ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ አክስት ዚፖራን ሊያይ የመጣ አስተማሪ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በዚያ ላይ የፕሮፌሰሩን ስም ሲጠራ ሰማሁ። የፕሮፌሰሩ ፎቶግራፍ በያንዳንዳችን ቤት ተሰቅሏል። ትምህርት ቤታችን በስማቸው ነው የሚጠራው። ከባርነት ወጥተው፣ ስንት ሺህ ሰው ያስተማሩ ሰው ናቸው። እና ሁለት አስተማሪዎች ስለ ሦስተኛ አስተማሪ የሚነጋገሩ መሰለኝ።

«ዚፖራ፣ እንደምን ዋልሽ?» አለ። ዕድሜው የሳቸውን ግማሽ ቢሆን ነው። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ደኅና ነኝ ሚስተር ታልቦት። እርስዎስ?»

«ግድቡ ያልቃል፤ በሰኔ ውኃው እዚህ ይደርሳል። ይህን መቼም ሰምተሻል። የኛ የመታሰቢያ ኮሚቴ ግን ቤትሽ እንዲተርፍ ይፈልጋል። ፈተን ወስደን ፕሮፌሰር ክሬንሾ የተወለዱበት ቦታ ላይ እናቆመዋለን። አገር ያየዋል።»

«ፕሮፌሰሩ የተወለዱት እዚህ አይደለም።»

«እናውቃለን። የእሳቸው ከበሰበሰ ስንት ዘመኑ። የቀረው የጭስ ማውጫው ድንጋይ ብቻ ነው። የምንፈልገው የዚያን ዘመን ዓይነት ቤት ነው።»

«የዚያ ዘመን ዓይነትም አይደለም። የዚያ ዘመኑን ያሠራው የባሪያ ጌታ ነው። ይህን የሠራው ባለቤቱ ነው።»

«ግንድ ግንድ ነው ዚፖራ።»

አክስት ዚፖራ ተወዛዋዥ ወንበራቸውን አቆሙ። «ግንዱ ግንድ ነው። ጉበኑ ግን ጽሑፍ አለበት። ጽሑፉ እንዳለ ከቆየ፣ የሚመጣውም ሰው ማን እንደሠራው ከተነገረው፣ ውሰዱት። ካልሆነ እዚሁ ይስጠም፤ ዓሣ ያንብበው።»

«ቃሌ ነው» አለ ሚስተር ታልቦት።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል።»

«እንዴት ያለ ግሩም አባባል ነው» አለና ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ለእኔም ከኪሱ የናና ከረሜላ ሰጠኝ። ከዚያም ግንዶቹ ላይ በጠመኔ ቁጥር መጻፍ ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ስድሳ አራት። ሲፈርስ ቦታው እንዳይጠፋ ነበር። እኔ ግን ማርክ እየሰጠው መሰለኝ። ለቤታችን ስድሳ አራት ማግኘት ትንሽ ነው ብዬ ተከፋሁ። እኔ እንኳ በንባብ ዘጠና አግኝቼ ነበር።

አፍርሶ መልሶ እንዲያቆም የተቀጠረው አባቴ ነው። በአውራጃው ውስጥ ግንድ በማጋጠም ከሆራስ ሜይስ የሚበልጥ አልነበረም። አክስት ዚፖራም «ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ አንተ ከሆንክ ልቤ ያርፋል» አሉት። ጓዛቸውን ይዘው ወደ እኛ ቤት የኋላ ክፍል ገቡ። የኛ ግድግዳ ቀለም የተቀባ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ዙሪያውን አይተው «ይህ ቤት ዲዳ ነው» አሉ። እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

የቤቱ ግንድ በጭነት መኪና ሲያልፍ ሙሽራ የሚሸኝ ይመስል እጄን አውለብልቤያለሁ። ጋዜጣውን ግን ልጠው ጅረቱ ዳር አቃጠሉት። ወፍራም ነበር አሉ፤ የሰማንያ ዓመት ጋዜጣ። ሁለት ቀን ነደደ።

መስከረም ላይ አንድ ቅዳሜ እናቴ ለአባቴ ምሳ ቋጥራ ላከችኝ፤ የበቆሎ ቂጣና የተጠበሰ ዓሣ። ቤቱ ቆሟል። ስሮጥ ደረስኩ። አባቴ መሰላል ላይ ወጥቶ ጉበኑን በመሮ ይፈለፍላል። ከሥሩ ሚስተር ታልቦት ሲጋራ እያጨሰ ቆሟል።

«አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

ሳይዞር «እየጠገንኩት ነው» አለኝ።

«ምን ሆኖ?»

«ነቅዞ።»

ስንጣሪው እግሩ ሥር ይወድቃል። ለአሻንጉሊቴ ማገዶ ይሆናታል ብዬ በባዶ የሶዳ ቆርቆሮ ለቀምኩት። አንደኛው ላይ ሰባት ቁጥር ሙሉዋን አለች። የነቀዘውን አውጥቶ ሲጨርስ በደህናው እንጨት ላይ መልሶ የሚጽፈው መሰለኝ። አባቴ የጀመረውን ሳይጨርስ አይወርድም ነበርና። ሚስተር ታልቦት «ጎበዝ ሆራስ» ሲለውም ኮራሁ። አባቴ በዚያን ቀን ዓሣውን አልበላም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኔ በላሁለት።

በኋላ ዘመን እናቴ ነገረችኝ። ሚስተር ታልቦት «ፕሮፌሰሩ ባሪያ ሆነው የተወለዱበት ቤት ላይ 'ነጻ ሰው ሠራው' የሚል ጽሑፍ ካለ ጎብኚው ይደናገራል። አንተ ካላወጣኸው በመጥረቢያ የሚያወጣው አላጣም» ብሎታል። በዚያ ላይ የቤቱ ጠባቂነት ሥራ ነበር፤ ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ፣ በትምባሆ ዋጋ የማይወድቅ። አባቴ አራት ልጅ ነበረው። ይህን ሁሉ አሁን አውቃለሁ። ማወቅ ግን ይቅር ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ለእኔ አልሆነልኝም ነበር።

የምረቃው ቀን ጥቅምት ነበር። ነጮቹ ፊት ወንበር ላይ፣ እኛ ከገመዱ ወዲያ። እኔ ከትምህርት ቤቱ መዘምራን ጋር በሩ አጠገብ ተሰልፌ ነበር። አክስት ዚፖራ ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ ላባ ያለው ባርኔጣና ነጭ የእጅ ጓንት አድርገው መጡ። ሚስተር ታልቦት ከገመዱ አሳልፎ ወደ ፊት ሲያመጣቸው፣ አሁን ቤቱ የሳቸው መሆኑን ለሕዝብ ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ዚፖራ፣ በሩ ላይ ቁሚልን፤ ለጋዜጣ ነው» አለ። በእጁ ሽርጥና ቀይ ሻሽ ይዟል። «ባርኔጣውን አውልቂና ይህችን እሰሪ። የድሮ ሰው ምሰይ።»

«ባርኔጣዬ እተቀመጠበት ደኅና ነው» አሉ አክስት ዚፖራ። «የድሮ ሰው ለመሆንም መምሰል አያስፈልገኝም።»

ወደ በሩ ሄዱ። እንደ ልማዳቸው ቀኝ እጃቸውን አንስተው ጉበኑን ነኩ። እጃቸው እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያና ወዲህ አሸት አሸት አደረጉት። ጓንታቸውን አወለቁና እንደገና ዳሰሱ። እንጨቱ ለስልሶ፣ በጥላሸት ተቀብቶ፣ ምንም የለበትም።

ሁሉም ጸጥ ብሏል። እኔ አባቴን ላስመሰግን ፈለግሁ። ከሰልፉ ሳልወጣ፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ጮክ ብዬ «አባዬ ነው የጠገነው፤ ነቅዞ ነበር» አልኩ።

አክስት ዚፖራ ዞረው አባቴን አዩት። አባቴ ጫማውን ያያል። ቀና ቢል ምናለበት እያልኩ ጠበቅሁት፤ አላለም። እሳቸው ጓንታቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ በወንበሮቹ መሃል አልፈው ወጡ። እስከ እኛ ቤት በእግራቸው ነው የተመለሱት። ጋዜጣው ላይ የወጣው ፎቶግራፍ ባዶ በር ነው። ጥገናው አላማራቸውም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አክስት ዚፖራ ነገር አጥባቂ ናቸው፤ የእናቴንም ልብስ አጣጠፍ ይነቅፋሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን አላናገሩትም። የሚኖሩት አንድ ቤት፣ የሚበሉት አንድ ገበታ ነው፤ ስለዚህ መልእክተኛ አስፈለገ። መልእክተኛዋ እኔ ሆንኩ።

«ቨርሊን፣ አባትሽን ጨው ያቀብለኝ በዪልኝ።»

«አባዬ፣ ጨው አቀብላቸው።»

«ጨው ሐኪም ከልክሏታል በያት» ይላል አባቴ፣ ጨውን እየገፋ። «በያቸው» እንኳ አይልም፤ ሲናደድ ነው።

«ሐኪሙ የከለከለኝ ጨው ነው፤ ቃል መብላት ግን ማንንም አልከለከለም በዪው።»

ወንድሞቼ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። እኔም መጀመሪያ እንደ ጨዋታ አይቼው ነበር። ወር ሲሞላው ግን ገበታ መቅረብ ጠላሁ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። እናም በልጅ ጭንቅላቴ መፍትሔ አገኘሁለት። ነገሩ ሁሉ የመጣው አባቴ መልሶ መጻፍ ስለረሳ ነው። ጽሑፉ ከተመለሰ አክስት ዚፖራ ጨዉን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ኅዳር ላይ ክፍላችን ቤቱን ሊጎበኝ ሄደ። ካልሲዬ ውስጥ ምስማር ደብቄያለሁ። አስተማሪያችን ስለ ፕሮፌሰሩ ስታስረዳ ልጆቹ ከምድጃው ዙሪያ ተሰበሰቡ። እኔ ከተከፈተው በር ጀርባ ገባሁ። ጉበኑ አይደረስበትም፤ መቃኑ ግን እስከ መሬት ይወርዳል። ተንበርክኬ የኤልካናን ስም መፋቅ ጀመርኩ። እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ጣቴ ደማ። «ኤልካ» ላይ ስደርስ ልጆቹ ወጡ። እኔ ቀጠልኩ። ከዚያ የአባቴ ጫማ አጠገቤ ቆመ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየጠገንኩት ነው» አልኩት።

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምስማሩን ከእጄ ወሰደ፤ ጣቴን አየና በመሐረቡ ጠቀለለልኝ።

«ሂጂ፣ አውቶቡሱ ይጠብቅሻል። ለማንም አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

ወጣሁ። አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮት አየሁት። በተከፈተው በር ሥር፣ እኔ በነበርኩበት ቦታ ተንበርክኮ፣ በጨርቅ መቃኑን በኃይል ያሻል፤ ትከሻው ከላይ ታች ይላል። እንደገና እየፋቀው ነው አልኩ። እስከ ቤት አለቀስኩ፤ አስተማሪዋ ስለ ጣቴ መሰላት።

አክስት ዚፖራ ያን ሰሞን ሳል ጠንቶባቸው አልጋ ላይ ውለዋል። አባቴ ማታ ሲገባ እጁ እስከ አንጓው ጠቁሯል፤ የምድጃ ጥላሸት፣ ቅባት ያለበት። እንደ ወትሮው በቀጥታ ወደ መታጠቢያው አልሄደም። ወጥ ቤቱ መሃል እጁን ዘርግቶ ቆመ። ፊቱ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ቨርሊን፣ ለአክስቴ ንገሪልኝ» አለ። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በመኪና ልውሰድዎ፣ እዚያ ቤት የማሳይዎት ነገር አለኝ ብሏል በያቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡልኝ ብሏል በያቸው።»

ሄድኩ። ክፍላቸው ገባሁ። ወደዚያ ወደ ዲዳው ግድግዳ ዞረው ተኝተዋል።

«ምን አለ?» አሉ ሳይዞሩ። እግሬን ሲሰሙ ነገር ይዛ መጣች ማለት ነው ይሉ ነበር።

መልእክቱ ምላሴ ላይ ነበር። አላደረስኩትም። የራሴን አደረስኩ።

«የኤልካናን ስም መቃኑ ላይ ጽፌው ነበር። አባዬ እንደገና ፋቀው።»

አክስት ዚፖራ ቀስ ብለው ዞሩ። «እንደገና?»

«አዎን።»

«ዓይንሽ አይቷል?»

«አይቻለሁ። እጁ አሁንም እንደጠቆረ ነው።»

እጄን ያዙና የተጠቀለለውን ጣቴን አዩ። «እስከ የት ደርሰሽ ነበር?» አሉኝ።

«እስከ ካ።»

«ጥሩ» አሉ። «በይ መብራቱን አጥፊልኝ።»

ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። አባቴ እዚያው ነው፤ እጁ እንደተዘረጋ።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ለእሱ ምንም አላሉም።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን በሳሙና ሲያጥብ ብዙ ቆየ። ዘጠኝ ቀን ቆይተው አክስት ዚፖራ አረፉ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀኖች በእኔ በኩል እንኳ አንዲት ቃል አልላኩበትም። ሣጥናቸውን የሠራው አባቴ ነው። ክዳኑ ላይ ስማቸውን ሲጽፍ አየሁት። አሁን ነው መጻፍ ያማረህ ብዬ በልቤ ሰደብኩት።

በአሥራ ስምንት ዓመቴ ወደ ባልቲሞር ሄድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ሠራሁ። የሰው ደብዳቤ በእጄ ጠፍቶ አያውቅም፤ አለቆቼ ይመሰክራሉ። አባቴ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር። «አንድ ቀን መጥተሽ ቤቱን እዪው እንጂ» ይለኛል። «አይቼዋለሁ» እለዋለሁ። «አሁን እዪው» ይላል። «የሚታይ አላስቀረህበትም» አልኩት አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። በ1988 ሞተ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ወደ ቤቱ ግን አልሄድኩም።

የሄድኩት ባለፈው ሚያዝያ ነው፤ ያውም ሳልፈልግ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አውቶቡስ ተከራይተው ጉብኝት ሲያዘጋጁ ፕሮግራሙን ሳላይ ከፈልኩ። አስጎብኚያችን አረንጓዴ የደንብ ልብስ የለበሰች የኛው ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ጨዋ ናት። ጉበኑን ቀና ብዬ አየሁት፤ ለስላሳ ነው፤ ስለሱ ምንም አላለችም። ከዚያ በሩን ዘጋችና ከጀርባው ወዳለው መቃን መራችን። መቃኑ ላይ መስተዋት ተገጥሟል፤ ትንሽ መብራትም አለው።

«የዚህ ቤት ትልቁ ሀብት ይህ ነው» አለች። «ፕሮፌሰር ክሬንሾ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆናቸው፣ ለባሪያ ማንበብ ክልክል በነበረበት ጊዜ፣ ከበር ጀርባ ተደብቀው በምስማር የተለማመዱት የመጀመሪያ ፊደል እንደሆነ ይታመናል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። «ኤልካ» ይላል። ካዋ ጠማማ ናት፤ ጣቴ የደማው እሷ ላይ ነበር። ሴቶቹ አንዳንዶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ግድግዳውን ያዝኩ።

«ማን ነው የሳቸው ነው ያለው?» አልኳት።

«ማስረጃው ጠንካራ ነው እማማ። ፊደሉ ውስጥ ጥላሸትና የአሳማ ስብ ተገኝቷል፤ የድሮ ማብሰያ ጭስ ነው። ደግሞም የኮሚቴው መዝገብ አለን። በ1960 መቃኑ ተልጎ ይለስልስ ሲባል፣ ቤቱን ያቆመው አናጢ እምቢ አለ። 'ይህ ጥንት የነበረ ነው፤ የልጅ እጅ ነው። እኔ መላጊያ አላነሳበትም። የሚያነሳበት ካለ መጀመሪያ እኔን ያባርር' ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል። ያ ሰውዬ ባይኖር ይህ ሁሉ ጠፍቶ ነበር።»

«ስሙ ማን ነው?»

«ሆራስ ሜይስ።»

አባቴ በዚያ ቤት ላይ ሰባት ወር ላቡን አፍስሷል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቆታል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ በመዝገብ የገባለት ይህ አንድ ውሸት ብቻ ነው። ጉበኑ ላይ ያለውን እውነት ሲያጠፋ ማንም አልጠየቀውም። መቃኑ ላይ ያለውን የልጁን ፊደል ለማዳን ሲዋሽ ግን አመኑት። ሲያሸው የነበረው ለማጥፋት አልነበረም። አዲሱ ጭረት ነጭ ሆኖ እንዳያስታውቅ፣ ከምድጃው ጥላሸትና ስብ እየቀባ ሲያስረጀው ነበር። ለአክስት ዚፖራ ሊያሳያቸው የፈለገው ያንን ነው። እጁን ዘርግቶ የቆመውም ለዚያ ነው። እኔ ደግሞ ያንን እጅ ምስክር አድርጌ ቆጠርኩበት።

«ልጄ» አልኳት፣ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አላፌዘችብኝም። ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ብዙ ሰው እንደዚያ ይሰማዋል እማማ» አለችኝ። «ሁላችንም የጻፍነው ያህል ነው።»

«የለም፣ እኔ ነኝ። የአባቴ የአያቱ ስም ነው። ኤልካና። ነጻ ሰው ነበር፤ ይህን ቤት እሱ ነው የሠራው፤ ከበሩ በላይ...» ብዬ ወደ ላይ አመለከትኩ። ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ምንም የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቀ መንበር ቦርሳዬን ተቀበለችኝና «ሙቀቱ ነው፤ ውኃ ስጧት» አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ሰባት ቁጥር ያለባት ስንጣሪ ባልቲሞር በሶዳ ቆርቆሮዋ ውስጥ ነበረች። ይዣት ብመጣስ ማን ያምነኛል፤ ሰባት ቁጥር ያለበት እንጨት ነው።

መውጫው ላይ የጎብኚዎች መዝገብ አለ። አስጎብኚዋ ወንበር አቀረበችልኝና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ሴቶቹ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ይጠብቁኛል። ስም በሚለው ላይ፣ እንደ ደብዳቤ ተቀባይ፣ ዚፖራ ሜይስ ብዬ ጻፍኩ። አስተያየት በሚለው ሥር ደግሞ እንዲህ አልኩ፤

«አክስቴ ዚፖራ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በመኪና ልውሰድዎ፣ የማሳይዎት ነገር አለኝ ብሏል አባዬ። አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡልኝ ብሏል።»

አስጎብኚዋ ከትከሻዬ በላይ አነበበችውና ግራ ገባት።

«እሁድ ዝግ ነን እማማ» አለችኝ።